በብርድ ልብስ የጠቀለልኩት ምስር

ከኩልመስክ ከተማ በላይ ያለችውን ጉብታ እንድንይዝ ስንታዘዝ የደርግ ዘመን ነው፤ ወሩ ጥቅምት፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኔ የጦር ክፍላችን የመቶዋ ወጥ ቤት ነበርኩ። የጀግንነት ወሬ የሚፈልግ ሌላ ሰው ይጠይቅ፤ እኔ የማወራው ስለ ምስር ነው።

ሃያ ሁለት ሰዎች ጉብታዋ ላይ ምሽግ ያዙ። የቀረነው ከሥር፣ ገደሉ ጥግ ሰፈርን። ቀን እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ጭስ ከታየ ሞርታር ይከተላል። ስለዚህ የማበስለው ሲመሽ ነበር። ሥጋ ሲገኝ የክርስቲያኑና የእስላሙ ድስት ይለያያል፤ ምስር ከሆነ ግን ሁሉም ከአንድ በርሜል ይበላል። ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ ቀን ለጠላት የተጋለጠ፣ ሌሊት ደግሞ ከነሸክም የማይወጣ ገደል በመሆኑ ስንቅ የምናወጣው ጉም ሲሸፍነው ብቻ ነው።

ከላይኞቹ አንዱ የወልድያው ሰይድ ነው። ባገኘኝ ቁጥር ያሾፍብኝ ነበር። «አንተ፣ እኛ ዘንድ የሚደርሰው እኮ በረዶ ነው» ይለኛል። ነገሩ ውስጤ ገባ። አንድ ማታ ምስሩን ሠርቼ ከሥር ያለነው ትኩሱን ከበላን በኋላ የላይኞቹን ድርሻ ከድኜ፣ በጭድ ከብቤ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ጉሙ የወረደው በማግስቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ስከፍተው ለብ እንዳለ ነበር። ከላይ ትንሽ አረፋ ይዟል። አማሰልኩትና አወጣንላቸው። ደስ ብሎኝ ነበር።

የአካባቢው ገበሬ አያ ደምሌም የሚካኤልን ዝክር ጠላ በእንስራ ይዘው አብረውን ወጡ። ላይኞቹ ምስሩን በሉ፤ ጠላ የሚጠጣውም ጠጣ።

አሥር ሰዓት ላይ ማስታወክ ተጀመረ። ቁርጠትና ተቅማጥ ተከተለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሃያ ሁለቱ አሥራ ዘጠኙ ወደቁ። አዛዣችን መቶ አለቃው አያ ደምሌን አሳስሮ አስመጣቸው።

«መርዝ ነው። አሻጥር ነው። ጎህ ሲቀድ ይረሸናል» አለ።

«ኸረ ጌታው፣ እኔም እኮ ከዚሁ እንስራ ነው የጠጣሁ» አሉ አያ ደምሌ።

የሚሰማቸው አልነበረም። ምስሩን የጠረጠረ የለም፤ ከሥር ያለነው ሁላችን በልተን ደህና ነንና። እኔ ግን አረፋው ትዝ አለኝ። ዝም አልኩ። ፈራሁ። አሻጥር የሚለው ቃል ያኔ ራስ ያስቆርጥ ነበር።

ሐኪማችን ከጉብታዋ ወርዶ «ከሁሉም የባሰበት ሰይድ ነው» አለ። ሰይድ በሃይማኖቱ ጠላ አይቀምስም። ያንን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ጌታዬ፣ ሰይድ እስላም ነው፤ ጠላ አልጠጣም። የበላው የእኔን ምስር ነው» አልኩ። ስለ ብርድ ልብሱም ተናገርኩ።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «ትኩሱን የበላችሁት ምንም አልሆናችሁም። ለብ ብሎ ሲያድር ግን ጀርም ይራባል። አንተ ያሞቅከው እሱን ነው» አለኝ።

መቶ አለቃው «ፍቱት» አለ፣ ወደ አያ ደምሌ እያመለከተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ከአንተ ጋር ነገ እንነጋገራለን።»

አልተነጋገርንም። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተጠቃን። ጉብታዋ ላይ ቆሞ መተኮስ የቻለው ሦስት ሰው ብቻ ነበርና ጉብታዋ ተያዘችብን። ከሥር ያለነው ተኩስ እየወረደብን ወጣን። ረፋድ ላይ ጉብታዋን መልሰን ያዝናት። ሙታችንን ቆጠርን፤ አሥራ አንድ ነበሩ። አንዱ መቶ አለቃው ነው። ሰይድን ምሽጉ ውስጥ ጠመንጃውን አቅፎ አገኘሁት። ከጥይቱ አንዲትም አልጎደለችም።

መዝገቡ ላይ አሥራ አንዱም በውጊያ የተሰዉ ተብለው ተጻፉ። ሐሰት አልነበረም። ግን ጤነኛ ቢሆኑ ስንቱ በሕይወት ይቀር እንደነበር እኔ ሳስብ ነው የኖርኩት። አያ ደምሌን ማዳኔን የሚያነሳልኝ ሰው አለ። መጀመሪያ ለሞት ያበቃኋቸው እኔው መሆኔን ግን ይረሳል።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ወልድያ ሄጄ የሰይድን አባት ፈልጌ አገኘኋቸው። ሁሉንም ልነግራቸው ነበር የሄድኩት።

«ልጄ እንደምን ሆኖ ሞተ?» አሉኝ።

«ሲተኩስ ነው የሞተው» አልኳቸው።

እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። ልሰናበት ስነሳ እጄን ያዙኝ። «የልጄ ጓደኛ እቤቴ መጥቶ እህል ሳይቀምስ አይሄድም» አሉ። ምሳ ቀረበ። በላሁ።