የቃጫው ገመድና የብሩክ መንገድ

ባለፈው ሳምንት ልብስ አስጥቼ ስገባ ትንሹ ልጄን ላፕቶፑ ፊት ራሱን ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ክረምቱ ደግሞ የጅማ ክረምት ነው፣ ልጅ ከቤት አያስወጣም። ለጨዋታው የሚሆን ቤት እየሠራ ነበር። ቤቱ ግን እንቢ ብሎታል። ከክፍሉ መሀል አንድ ቀይ መስመር ተነስቶ፣ በግድግዳው በኩል ሾልኮ፣ ወደ ጥቁሩ ባዶ ይሄዳል።

«ቀዳዳ አለው» አልኩት። «መስመሩን ተከተለው፤ የሚወጣበት ቦታ ላይ ታገኘዋለህ።»

ዞር ብሎ አየኝ። «እማዬ፣ ፎቶ እንኳ እኔ አይደለሁ የምልክልሽ? ይሄን የት አወቅሽው?»

«ወጡ እንዳያርብኝ» ብዬ ወጣሁ። መልሱ ረጅም ነው፤ እኔ ደግሞ ረጅም ነገር ማውራት አይሆንልኝም። መጻፉ ይሻለኛል።

ወንድሜ ብሩክ ታላቄ ነበር። ያደግነው እዚሁ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ነው። አባታችን አጋሮ፣ ቡና መግዣ ውስጥ ይሠራ ስለነበር ቅዳሜ መጥቶ ሰኞ ይመለሳል። ኮቱ ሳይቀር እሸት ቡና እሸት ቡና ይሸት ነበር። ባዶ እጁን አይመጣም፤ ማር ወይም አቮካዶ፣ አንዳንዴም ከጆንያ ማሰሪያ የተረፈ የቃጫ ገመድ ይዞ ይመጣል። እናታችን ገመዱን ከማንጎው ዛፍ እስከ ወጥ ቤቱ ምሰሶ ወጥራ ልብስ ታሰጣበታለች።

ብሩክ ልጅ ሳለ ጉሮሮውን ደጋግሞ ያመው ነበር። የልጅ ነገር ነው ብለን አለፍነው። ሕመሙ ግን ቆይቶ ወደ ልቡ ሄደ። ኮሌጅ ገብቶ ኮምፒዩተር መማር እንደጀመረ ዳገት መውጣት አቃተው፤ ትምህርቱንም አቋረጠ። እግሮቹ ያብጣሉ፤ ትራስ ደራርቦ ተደግፎ ነበር የሚተኛው። ከመስቀል በኋላ አዲስ አበባ ሄዶ እንዲታከም ቀጠሮ ተያዘለት።

ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ አይደለም፤ ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ግን ዳገት ነው። ብሩክ ሰንበት ትምህርት ቤት እያለ ያን ዳገት ከበሮ ተሸክሞ ይሮጥበት ነበር። ከታመመ በኋላ አንድ እሑድ በታክሲ ወሰድነው። ሰዎች ደግፈው ሲያወርዱት ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡለት። ከዚያ ወዲያ አልሄድም አለ።

«ከመሄዴ በፊት አንድ ቀን በእግሬ ሄጄ እሳለማለሁ» ይል ነበር። ሐኪሙ ዳገት እንደከለከለው እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ሌላ ነገር ሲለምን ግን አልሰማሁትም።

ያኔ ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ኮምፒዩተር በየቤቱ የለም። የብሩክ ጓደኛ ተማም ግን ከአጎቱ የማስተማሪያ ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር በባጃጅ ጭኖ አመጣለት።

«የጣሪያ ቆርቆሮ ከምትቆጥር ተጫወት አቦ!» አለው።

የተኩስ ጨዋታ ነበር። ብሩክ ጥቂት ቀን ተኮሰና ሰለቸው። ከጨዋታው ጋር ግን የራስን ሰፈር መሥሪያ ፕሮግራም አብሮ መጥቷል፤ የሚሠራውን ሰፈር «ማፕ» ይሉታል። ብሩክ ቤታችንን መሥራት ጀመረ። መጀመሪያ ግን ጨዋታው ውስጥ ከሚሄደው ሰውዬ እጅ ጠመንጃውን አስወጣ። «በሰፈራችን መሣሪያ ይዤ አልዞርም» አለ።

እንዳስረዳኝ ከሆነ የማፕ ሕግ አንድ ነው። የተሠራው ዓለም በሁሉም በኩል መዘጋት አለበት፤ ከታች በወለል፣ ከጎን በግድግዳ፣ ከላይ በጣሪያ ወይም በሰማይ። ሰማዩም ቢሆን እንደ ግድግዳ የሚገጠም ነገር ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ባዶ ነው። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከተገኘ ኮምፒዩተሩ ሥራውን ይተውና «ያፈሳል» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ቀዩን መስመር ያወጣል። መስመሩ ከውስጥ ካለ ዕቃ፣ ከአምፖል ወይም ከወንበር ተነስቶ በቀዳዳው በኩል ይወጣል። የሠሪው ሥራ መስመሩን እየተከተለ ቀዳዳውን መድፈን ነው።

የመጀመሪያው መስመር ከሳሎናችን አምፖል ተነስቶ ግቢውን አቋርጦ በቆርቆሮው በር ወጣ።

«በሩን እኮ ዘግቼዋለሁ!» አለ ብሩክ።

ተማም አንገቱን አስግጎ አየ። «በር አይቆጠርም፣ ይከፈታላ። የሚከፈት ነገር ባዶውን አይከለክልም። ከበሩ ውጭ የሆነ ነገር ሥራ።»

ብሩክ ቀዩን መስመር ከበሩ ወዲያ በጣቱ ተከተለው። ከዚያ «ትርሴ፣ መንገዱን እንሥራው» አለኝ። እስከ የት እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

እናታችን ግን ገብቷት ነበር። ፍልሰታ ነው፤ ከቅዳሴ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች። «የእግዚአብሔር ቤት መጫወቻ አይደለም። እሱን አትሠራም።»

«እሺ እማዬ። እስከ በሩ ብቻ።»

መንገዱን የምለካው እኔ ሆንኩ። ሜትር አልነበረንም። የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈትቼ ወሰድኩት፤ ሥራዬን ስጨርስ እመልሰዋለሁ። ገመዱን ከአጥር አጥር እየዘረጋሁ፣ የየቤቱ ፊት፣ የየግንቡ ጎን ስንት ገመድ እንደሆነ በቃሌ ይዤ እሮጣለሁ። መለኪያ ይዞ የሚዞር ሰው ደግሞ ሰፈር ያስደነግጣል። የተማም እናት አዴ ራሕማ ከቤታቸው እየሮጡ ወጡ።

«ያ ረቢ! ማል ታኤ? ምን ሆነ? ቤታችንን ልታስፈርሺው ነው ትርሲት?»

«አይደለም አዴ ራሕማ፣ ለብሩክ ነው። መንገዱን ኮምፒዩተር ውስጥ እየሠራው ነው።»

«የኔንም አጥር?»

«የእርስዎንም።»

ዝናቡ ያጋደለውን አጥራቸውን ዞረው ዞረው አዩት። «እንግዲያው አቃንቶ ይሥራልኝ። የኔው ልጅ አቃና ብለው አልሰማኝም፤ እሱ ቢያቃናልኝ።»

ብሩክ አቃናላቸው። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ነው የሠራው፤ የተሰነጠቀውን ድልድይም፣ ጉድጓዱንም።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ያው የበር ጉዳይ መጣ። በሩ አይደፍንም፤ ከኋላው አንድ ነገር መኖር አለበት። ቤተ ክርስቲያኑን ደግሞ እናታችን ከልክላለች። ብሩክ ጥቂት አሰበና ከበሩ ኋላ ሰማይ ገጠመ።

አለቀ ብለን ደስ ሲለን ቀዩ መስመር ተመልሶ መጣ። በግራ በኩል፣ ከድልድዩ ማዶ፣ በአንዱ አጥርና በሚቀጥለው ግንብ መሀል ይሾልካል። ብሩክ ይደፍነዋል። ኮምፒዩተሩ ረጅም ሰዓት ያሰላል፤ መብራት ይጠፋል፤ እንደገና ይጀመራል። መስመሩ ሌላ ቦታ ይወጣል። የቀኙ ጎን ልክ ነው፤ የግራው ግን አንዱ ሲገጥም ሌላው ይላቀቃል። ብሩክ የኔን ልክ አልጠረጠረም። የጠረጠረው የራሱን እጅ ነው።

እሱም እየደከመ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠው ልጅ ከምሳ በኋላ መተኛት ጀመረ። የተጠበሰ በቆሎ ስሰጠው ጥቂት ፍሬ ፈልፍሎ ይመልስልኛል።

ተማም ሲያየው አላስቻለውም። «ስማ፣ ሁሉንም በአንድ ትልቅ ሳጥን እንክተተው። ኮምፒዩተሩ ይንቀራፈፋል እንጂ መስመሩ ይጠፋል።»

«ከአሁኑ ሳጥን ውስጥ ልትከተኝ ነው?» አለው ብሩክ።

ተማም ሊስቅ ጀመረና አቆመ። መስኮቱን ማየት ጀመረ። ብሩክ ግን ትከሻውን መታ አድርጎት «ቀልድ ነው አቦ» አለ።

በማግስቱ ዝናቡ ሲያባራ የረሳሁትን ልብስ ላነሳ ወጣሁ። ገመዱ ሲደርቅ ስለሚረግብ የአባቴ ሱሪ ጫፍ ጎመኑን ይነካ ነበር። አሁን ሱሪው ከጎመኑ በላይ ከፍ ብሏል። ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ምሰሶውን ወደ ራሱ ስቦታል። እጄን አኖርኩበት። ርሷል። ቃጫ ሲርስ ያብጣል፤ ሲያብጥ ያጥራል።

የቀኙን ጎን የለካሁት ብራ በሆነ ቀን ነው። የግራውን ግን ዝናብ እየመታኝ ነበር የለካሁት፤ ባጠረ ገመድ የተለካ አጥር ደግሞ ከልኩ በላይ ይቆጠራል።

«ብሩክ! ገመዱ አጥሯል!»

ነገሩን እስክጨርስ አልጠበቀኝም። ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ እስኪተወው ጀርባውን ያዝኩት። «እኔ ኮምፒዩተሩን ስረግም፣» አለ እንባውን እየጠረገ፣ «ለካ ያጠፋው የጅማ ዝናብ ነው!»

ገመዱን ምድጃ አጠገብ አደረቅሁት። ብራ ሲሆን የግራውን ጎን እንደገና ለካሁ። አዴ ራሕማ ከበራቸው ሆነው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጉልን ነበር።

ያን ቀን መብራት አልጠፋም። ተመስገን። ከሰዓት በኋላ ኮምፒዩተሩ አሰላ፣ አሰላ፣ ጨረሰ። ቀይ መስመር የለም። ተማም ከወንበሩ ተነሳ። እናታችን ከወጥ ቤት መጥታ ከኋላችን ቆመች።

ብሩክ ቁልፎቹን እየተጫነ ከሳሎናችን ወጣ። ግቢውን አለፈ፣ የቆርቆሮውን በር ከፈተ፣ የአዴ ራሕማን ቀጥ ያለ አጥር አለፈ። ድልድዩን ተሻገረ። ዳገቱ ሥር ሲደርስ መሮጥ ጀመረ።

«ቀስ በል!» ብላ ጮኸች እናቴ። «ልብህን!»

ሁላችንም ሳቅን። እሷም አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ብሩክ ግን አልቆመም። ዳገቱን እየሮጠ ወጣ። በሩ አጠገብ ሲደርስ ብቻ እርምጃውን ቀነሰ።

እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ስለነበር ሌሎቹ ያላዩትን አየሁ። በሩን ከመክፈቱ በፊት ያበጡ እግሮቹን ከነጠላ ጫማው ቀስ ብሎ አወጣቸው። በሩ ተከፈተ። ከኋላው ሰማይ ብቻ ነበር። ብሩክ ጣቶቹን ከኮምፒዩተሩ ላይ አንስቶ አማተበ። እናቴም አማተበች። ተማም ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ።

ከመስቀል በኋላ ከአባታችን ጋር አዲስ አበባ ሄደ። ከሕክምናው አልተመለሰም። ሲያመጡት በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዳገት፣ በሰው ትከሻ ወጣ። ከፊት ከተሸከሙት አንዱ ተማም ነበር። ዝናብ ይዘንብ ነበር። አዴ ራሕማ አጥራቸውን ይዘው ቆመው ያለቅሳሉ። በቅርቡ አቃንተውት ነበር።

ኮምፒዩተሩ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ቆይቶ ተበላሸ፤ ማፑም አብሮት ጠፋ። ብዙ ጊዜ ቆጨኝ። አሁን ግን ሲቆጨኝ አንድ ነገር ለራሴ እነግረዋለሁ፦ እግዚአብሔር ለወንድሜ የጠየቀውን አልነፈገውም። በእኛ በኩል ጥቂት እጅና አንድ ገመድ ነበር ያለን፤ እሱም በቃ። ለዚያ አመሰግናለሁ። ማመስገኑ ግን ማልቀሱን አያስቀረውም።

ለልጄ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። ወጡን አውጥቼ ስመለስ ቀዳዳውን አግኝቶ ደፍኖታል። አጠገቡ ተቀመጥኩና አጎትህም ይህን ይሠራ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን በእግሩ መሄድ ቢያቅተው መንገዱን ሠራው አልኩት። የአጎቱን ፎቶ ያውቀዋል፤ ግድግዳው ላይ ነው።

«እና ደረሰ?»

«ደርሷል። ጫማውንም አውልቋል።»

ወደ ላፕቶፑ ዞረ። ውጭ ካፊያ ጀምሮ ነበርና ልብሱን ላነሳ ወጣሁ። የዛሬው ገመድ ናይለን ነው፤ ቢዘንብበትም አያጥርም። ልማድ ሆኖብኝ ግን እጄን አኖርኩበት።