መልስ የሚጠብቁት ሽማግሌ

ሸጎሌ፣ ከፈረሱ ቤቶች የወጣ ጡብ የሚሸጥበት ግቢ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አሉ። በጠራራ ፀሐይም ጥቁር ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ በትንሽ መዶሻ ከጡቡ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ ያራግፋሉ። አንዱን ባጸዱ ቁጥር «ላተር» ይላሉ፤ የጣሪያ ሸክላ ሲሆን «ቴጉላ»፣ የበር ደፍ ሲሆን «ሊሜን»። ከዚያ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ትንሽ ይቆያሉ። ጫኞቹ ጸሎት ይመስላቸዋል።

ለአጥር የሚሆን ጡብ ልገዛ ሄጄ ምን እንደሚሉ ጠየቅኳቸው።

«ላቲን ነው» አሉኝ። «ዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን እኔና ጓደኛዬ የምናጠናው እንዲህ ነበር። እኔ ቃሉን እጠራለሁ፣ እሱ በአማርኛ ይመልሳል።»

«አሁን የት ናቸው?»

ሌላ ጡብ አነሡ። ካራገፉት በኋላ አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉለት። «ላተር» አሉ።

ጆሯቸው ዘንበል ሲል አላስቻለኝም። እንደ ጎበዝ ተማሪ «ጡብ» አልኩ።

እጃቸው ጡቡ ላይ እንዳለ ቀረ። ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም።

«እሱ ቶሎ አይመልስም ነበር፣ ልጄ» አሉ።

የገዛሁት ጡብ መኪና ላይ ተጭኖ እስኪያልቅ ድረስ ማራገፋቸውን አላቆሙም። ቃል ግን አልጠሩም።