ሰው ይቀድማል፣ ጆንያ ይከተላል

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት የካቲት፣ ከዘጌ ንግሥ በተመለስሁ ማግስት ነው። የማልረሳው፣ በጎ የሠራሁ መስሎኝ የልጄን እንጀራ በገዛ እጄ ልዘጋ ስለ ነበር ነው።

የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ነው። በግቢያችን አንድ የኢንተርኔት መስመር አለ፤ እኔና ልጄ መክሊት ከሁለት ተከራዮቻችን ጋር እንጠቀምበታለን። መክሊት የሕንፃ ንድፍ ተምራ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ሥራ አላገኘችም። በዚያ ሳምንት አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት፣ እዚሁ ሆና እንድትሠራለት አስቦ በቪዲዮ ሊያነጋግራት ቀጠሮ ሰጣት። ይህ ካልተሳካ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ልትሄድ ወስናለች። አባቷ ካረፉ ወዲህ በቤቱ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። አልከለከልኋትም። ለኪዳነ ምሕረት ግን ነገርኋት።

ዘጌ ስሄድ ሌላ አደራም ነበረብኝ። የጽዋ ማኅበራችን ታላቅ እማማ የሺ፣ ጎርጎራ በወንድማቸው ቤት ታመው አልጋ ላይ ናቸው። አስታጉለውት የማያውቁት ንግሥ በዚያ ዓመት ቀረባቸው። "ዓይኔ ሳይከደን አሳዪኝ" ብለው ለመኑኝ። ቪዲዮ የሚያሳይ ስልክ ያላት የልጅ ልጃቸው ናት፤ እሷም ሐሙስ ማታ ወደ ጎንደር ትመለሳለች። ስለዚህ ታቦቱ ሲወጣ፣ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ፣ ሕዝቡ እልል ሲል ሁሉንም በስልኬ ቀረጽሁ።

ረቡዕ ከሰዓት መክሊት በሯን ዘግታ ለቃለ መጠይቁ ተቀመጠች። እኔም ሳሎን ሆኜ ስልኬን ከፈትሁ። የእማማ የሺ ዓይን ደካማ ነው። ምስሉ እንዳይደበዝዝባቸው ብዬ ጥራቱ ሳይቀነስ የሚላክበትን መረጥሁ፤ ያስተማረችኝ ራሷ መክሊት ናት። ሃያ ሁለቱንም ቪዲዮ በአንዴ ለቅቄ ውዳሴ ማርያሜን አነሳሁ።

ጥቂት ቆይቶ የመክሊት ድምፅ ከፍ አለ። "ይሰማል? እኔ እሰማችኋለሁ! አሁንስ ይሰማል?"

ስትወጣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "እኔ ጥርት አድርጌ እሰማቸዋለሁ፤ ለእነሱ ግን የኔ ድምፅ ተቆራርጦ ነው የሚደርሳቸው። ነገ በዚሁ ሰዓት አንድ ዕድል ሰጡኝ። የመጨረሻ ነው።"

ጎረቤታችንን ሰይድን ጠራነው። አባቱ ሐይቁ ዳር ጀልባ የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን የሆቴሎችን ኢንተርኔት ይዘረጋል። ላፕቶፑን ከፍቶ ትንሽ አየና ፈገግ አለ።

"ወደ ቤት የሚገባው መንገድ ባዶ ነው። የተጨናነቀው የሚወጣው ነው፤ እሱ ደግሞ ድሮውንም ጠባብ ነው። እትዬ አበባ፣ ስልክዎ ምን እየላከ ነው?"

"ንግሡን" አልሁ።

"ስንቱን?"

"ሁሉንም።"

"እማዬ!" አለች መክሊት። "ካህናቱን ከነከበሯቸው እላዬ ላይ ጫንሻቸው?"

አፈርሁ። ላቋርጠው ስልኬን አነሳሁ፤ ወዲያው እማማ የሺ ትዝ አሉኝና እጄ ቆመ። ነገራቸውን ለሰይድ አጫወትሁት።

"ማቋረጥ አያስፈልግም" አለ። "የዘጌ ጀልባ ሲጫን አይተው የለ? ሰው ይቀድማል፣ ጆንያ ይከተላል። ጆንያውም ግን አይቀርም። በእርስዎ መስመር ላይ ግን ሰውና ጆንያ እየተጋፉ ነው።"

ከዚያ ዋይፋዩን ማስተካከል ጀመረ። የሚወጣውን ከመስመሩ አቅም ትንሽ ዝቅ አድርጎ ወሰነው። የሚላከው ሁሉ የሚሰለፈው ውጭ ሳይሆን እኛው ዘንድ፣ እኛ ባልነው ተራ እንዲሆን ነው አለኝ። የመክሊትን ጥሪ ከሁሉ አስቀደመ። የቀረውን ለእኔና ለተከራዮቹ እኩል አካፈለ፤ አንዱ ሳይጠቀም ሲቀር ድርሻው ለሌላው እንዲያልፍ አደረገ።

"ነገ ስልክዎን እንዳያጠፉ።"

"ልጄ፣ ልቤ እሺ አይለኝም።"

"ጀልባዬን ካላመኑ ዋኝተው ይሻገሩ!" ብሎኝ ሄደ።

ሐሙስ ሰዓቱ ሲደርስ ቪዲዮዎቹ ገና አላለቁም ነበር። ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁ። መላኩን የሚያሳየው ሰማያዊ ክብ ትንሽ ይሄድና ይቆማል፤ እንደገና ትንሽ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ። ሁለቱንም ጊዜ አማተብሁና መለስሁት።

ከውስጥ የመክሊት ድምፅ ይሰማኛል። "ይሰማል?" አላለችም። ስለ ደረጃና ስለ መስኮት ታስረዳለች። ቆይታ ሳቀች። እኔም ያን ጊዜ ተነፈስሁ።

"ሰሙኝ፣ እማዬ" አለች ስትወጣ። "እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።"

እሷ ስትጨርስ ክቡ እየፈጠነ ሄደ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሃያ ሁለቱም ጎርጎራ ገቡ። እማማ የሺ ደወሉ። "አበባ፣ እልል ብዬ ቤቱን አስደነገጥሁት!" አሉ። ብዙ መረቁኝ። ምርቃቱን ከሰይድ ጋር ተካፈልነው።

መክሊት ሥራውን አገኘች። አሁን ይህን ስጽፍ ከወዲያኛው ክፍል ሆና ስትነጋገር ይሰማኛል። እማማ የሺም በፋሲካ ማግስት፣ ንግሣቸውን አይተው፣ በሰላም አረፉ።

ድሮ የለመንሁት ሲዘገይብኝ እከፋ ነበር። ዛሬ ያ ሰማያዊ ክብ ትዝ ይለኛል። የቆመ መሰለኝ እንጂ አልቆመም። ከእኔ የባሰበት ሰው እያለፈ ይሆናል እልና ተራዬን እጠብቃለሁ።