ረጅሟ አንድ ጎራሽ

የጠመንጃ ወሬ ሲነሳ እስከዛሬ ተነስቼ እወጣለሁ። የወሎ ልጅ ሆነሽ እንዴት ጠመንጃ ትጠያለሽ እያሉ የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። እኔ ያየሁትን ቢያዩ ኖሮ ምግብም ባልበሉ ነበር።

ያን ክረምት ጦርነቱ ወደ እኛ ሲወርድ ወልድያ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የስፌት መኪናዬን ለአከራዬ አደራ ሰጥቼ፣ በመርሳ አድርጌ፣ ግራና አጠገብ ወዳለው አባቴ ቤት ገባሁ። ቤት ውስጥ የነበሩት አባቴ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ የወንድሜ ሚስትና ገና ጡት ያልጣለ ልጃቸው ናቸው። እናታችን ከሞተች ቆይታለች፤ እንኳንም አላየች።

መሣሪያ ያለው ከነመሣሪያው ይውጣ ተብሎ ተጠርቷል። አባቴ ጉልበቱ ደክሟል፤ የሚወጣው ወንድሜ ነው። ክላሽ በእኛ አቅም የሚቀመስ አልነበረም፤ ስለዚህ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ይገዛ ተባለ። ተኩሰህ፣ ከፍተህ፣ ቀለሁን አውጥተህ፣ ሌላ ታጎርሳለህ፤ ጠላትህ እስከዚያ የሚታገስህ ከሆነ ማለት ነው። ሰዉ «ቆመህ ጠብቀኝ» እያለ ይቀልድበታል።

ሻጩ ሁለት ይዞ መጣ። አንደኛዋ የአገር ቀጥቃጭ የሠራት አጭር ናት፤ በርሜሏ ከክንድ ብዙም አይበልጥም፣ የምትበላው በየገበያው የሚገኘውን የክላሽ ጥይት ነው። ሁለተኛዋ የጥንት ውጅግራ፤ ረጅም፣ አፏ ሰፊ፣ ጥይቷ አውራ ጣት የሚያክል። ሻጩ አብሯት የሚሰጠው ጥይት መዳፍ አይሞላም፤ ሌላ እንደማይገኝም አልደበቀም።

ይኼ ምን ምርጫ አለው? ሕፃን እንኳ ይመርጠዋል። የአባቴ የልጅነት ጓደኛ የሆኑት ሙስሊሙ ጎረቤታችን፣ ወላሂ ጥይት የሌላት ጠመንጃ ከዱላ አትሻልም፣ ዱላስ ላም ይመልሳል አሉት። ወንድሜም አጭሯን እያየ፣ ይቺ ትቀለኛለች አለ። አባቴ ግን ረጅሟን መሬት ላይ ተክሎ ወንድሜን አጠገቧ አቆመው። በእሱ ዘር የወንድ ጠመንጃ አፈሙዙ ከትከሻ ካልደረሰ ጠመንጃ አይባልም። ደረሰች። አጭሯን በእግሩ ገፋ አደረጋትና፣ ይቺን ይዞ ከሰው ፊት የቆመ ልጄ አይደለም አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ረጅሟ ተገዛች። እኔም የመሸከሚያ ማንገቻ እንድሰፋላት ታዘዝኩና ሰፋሁ።

ሳምንት ሳይሞላ የሰበካው ትልቅ ሰው ሞቱ። በእኛ አገር ለእንዲህ ያለ ሰው ለቅሶ ላይ ካልተተኮሰ ሟቹ እንደተናቀ ይቆጠራል። የሟቹ ዘመዶች ክላሻቸውን ወደ ሰማይ አንጣጡት። አባቴ ይኼን ሲሰማ አላስቻለውም፤ ውጅግራዋን ከወንድሜ ትከሻ ላይ አውርዶ መሐል ገባና ፎከረ። ከዚያ ተኮሰ። ድምጿ እውነትም ሌላ ነው፤ የለቀስተኛው ልብ ተነካ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። አንዱ ሽማግሌ፣ ይኼ ነው የአባቶቻችን ድምፅ ብሎ አለቀሰ። አባቴ እንደገና አጎረሰ። ወንድሜ እጁን ይዞት፣ አባባ ይብቃ አለው፤ ገፈተረው። እልልታው እስኪያልቅ ድረስ ሳይሆን ጥይቱ እስኪያልቅ ድረስ ተኮሰ።

ማታ ቤት ስንገባ ፊቱ እንደ ሙሽራ ይበራ ነበር። ወንድሜ እራቱን ሳይበላ ተኛ። እኔ ገና አፌን ስከፍት አባቴ፣ ሴት ስለጠመንጃ ምን ታውቃለች ብሎ ዝም አሰኘኝ። ደሜ ፈልቶ ነበር።

መንደሩ ለውጊያ ሲወጣ ወንድሜ አልወጣም። በባዶ ጠመንጃ ምን ሊያደርግ? አብረውት ያደጉት በደጃችን ሲያልፉ ጓሮ ተደበቀ፤ ያን ቀን ያየሁበትን ፊት ለጠላቴም አልመኝም። ከዚያ ወልድያ ተያዘች ተባለ፣ መርሳም ተከተለች፣ ታጣቂዎቹ የእኛን አካባቢ ቤት ለቤት ይፈትሹ ጀመር። መሣሪያ የተገኘበት ቤት ምን እንደሚደርስበት ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል። እንቅበራት አልን። ማሳው ውስጥ ማሽላው ቁመት አውጥቷል፤ ማን ያያታል? አባቴ እንቢ አለ። ክረምት ነው፣ በርሜሏን ዝገት ይበላዋል አለ። እግሩ ላይ ወደቅኩ፣ የወንድሜ ሚስት ልጇን ፊቱ አስቀምጣ ለመነችው። እንቢ! ጎተራው ውስጥ ብንከት አትገባም፤ ሣጥኑ ውስጥ ብንከት አፈሙዟ ይወጣል። ያ የተኮራበት ቁመት እንደ ረጅም ሬሳ አላስቀምጥ አለን። በመጨረሻ በጎተራውና በግድግዳው መሐል አቁመን ጨርቅ ጣል አደረግንባት።

መጡ። ሦስት ናቸው፣ ጨርቁን ያነሳው ከሁሉም ልጅ እግሩ ነው። አውጥቶ በረንዳው ላይ አጋደማትና፣ «የማን ናት?» አለ።

አባቴን አየሁት። በየለቅሶው፣ በየጠላ ቤቱ፣ የኔ ጠመንጃ፣ የኔ ጠመንጃ ሲል የከረመውን ሰውዬ አየሁት። ወደ መሬት አቀረቀረ። ጥያቄውን ደገሙለት። እንዳልሰማ ሆኖ የነጠላውን ጫፍ ይጠቀልል ጀመር።

ወንድሜ እሱን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። «የኔ ናት» አለ።

ጥይቱስ ሲሉት፣ ለቅሶ ላይ ተተኩሶ አለቀ አላቸው። ያሾፈባቸው መሰላቸው፤ በሰደፍ አፉን መቱት። እውነቱን ነው ብዬ ብጮህ ማን ሊያምነኝ? ጠመንጃ ገዝቶ ጥይቱን ለሰማይ የሚሰጥ ቤት አለ ብሎ ማን ያምናል? እጁን ወደኋላ አስረው ወሰዱት። ውጅግራዋን ትንሽ እንደተራመዱ አገላብጠው አዩዋት፤ ምን እናደርጋታለን ተባብለው ጭቃው ላይ ወረወሯት። ወንድሜን ይዘው ሄዱ።

የወንድሜ ሚስት እየጮኸች ተከተለቻቸው። እኔ እሷን ተከተልኩ። ከአጥሩ ጋ ዞር ስል አባቴ ወጥቷል። ልጁን ሊከተል የወጣ መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጠመንጃዋን ከጭቃው አነሳ፤ አፈሙዟን በነጠላው እየጠረገ ወደ ቤት ተመለሰ።

ወንድሜ አልተመለሰም። ጦርነቱ ከእኛ አገር ከወጣ በኋላ ያልጠየቅነው ሰው፣ ያልረገጥነው ሜዳ የለም። ሬሳውም ወሬውም የለም። አባቴ ግን ለቅሶ ለመቀመጥ የተቻኮለ ነበር፤ ሰው ሊያጽናናው ሲመጣ፣ ልጄ እንደ ወንድ «የኔ ናት» አለ እያለ ያወራል። ወንዶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያን ጊዜ እሱ ምን አለ ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው የለም።

እኔ ወደ ወልድያ ተመልሼ ስፌቴን ጀምሬ ነበር። በበጋው የወንድሜን ልጅ ልጠይቅ ግራና ስወርድ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ያቺን ረጅሟን ሽጦ አጭር አንድ ጎራሽ ገዝቷል፤ ጭኑ ላይ አጋድሞ ቅባት ይቀባታል። ልጁ ከእግሩ ስር ይድሃል። ሰላምታም አላቀረብኩም።

«ለማን ናት?» አልኩት።

«ለዚህ ነዋ፣ ሲያድግ» ብሎ በአገጩ ወደ ልጁ ጠቆመኝ።

በሕይወቴ አባቴን ቀና ብዬ አይቼ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ልጁን ከመሬት አነሳሁና ፊቱ ቆምኩ።

«አባባ፣ ነገ መጥተው የማን ናት ቢሉዎትስ?» አልኩት።

ቀና አላለም። ቅባቱን በጣቱ ወደ በርሜሉ ውስጥ ከተተ።

«የዚችኛዋ ጥይት በየገበያው ይገኛል» አለኝ።