ለጣራችን የመረጥነው መብራት

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ለማስተማር ሐረር ተመድቤ ከሙሽራዬ ከአልማዝ ጋር ጀጎል ውስጥ ቤት ተከራየን። አልማዝ ራቁቱን የተንጠለጠለውን አምፖል ባየች ቁጥር «እንግዳ ቢመጣ ምን ይለናል?» እያለች መቆሚያ መቀመጫ ስላሳጣችኝ፣ የጣራ መብራት ልንመርጥ ኤረር በር አጠገብ ካለ ሱቅ ሄድን።

እሷ አንዱን አንስታ ከራሷ በላይ ትይዛለች፤ እኔ ከሥር ሆኜ ለማየት የሱቁ ምንጣፍ ላይ በጀርባዬ እንጋለላለሁ። ገበያተኛው ከቦን «ባለ አበባው! ባለ አበባው!» ሲል በሳቅ ፈረስን። ባለ አበባውን ጎድጓዳ መስታወት ገዝተን በሦስት ሰንሰለት አንጠለጠልነው።

ለምርቃቱ አከራያችንን እማማ ፋጡማን ራት ጋበዝናቸው። እሳቸው ግን አንዴ ጣራውን፣ አንዴ ባዶውን ግድግዳችንን እያዩ ምግቡ አልወርድ አላቸው።

«ቀንተዋል!» አለችኝ አልማዝ በጆሮዬ፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ አምፖሉ እንደገና ራቁቱን ቀርቷል። መብራታችን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ እማማ ፋጡማ እንደ ሐረር ቤት ወግ የራሳቸውን ግድግዳ የሚያስጌጡባቸው ሳህኖች ግራና ቀኝ አጅበውታል።

«ወላሂ ሌሊቱን አልተኛሁም» አሉ እማማ፣ የሳህኖቹን አሰላለፍ እያስተካከሉ። «ያለቻችሁ አንዲት ሳህን፤ እሷንም መስቀያ ቦታዋን የሚያሳያችሁ ሰው አጥታችሁ ጣራ ላይ ታንጠልጥሏት?»