የማንኪራ ቀፎ

ልጄ ከማንኪራ ጫካ ስትመለስ እጇ ኮረሪማ ኮረሪማ ሸተተኝ። የኅብረተሰብ ትምህርት መምህሯ ክፍሉን በሙሉ ወስደዋቸው ነበር። ያ ሽታ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁም የ"ሀ" ክፍል ልጆችን መምህራቸው እዚያው ወሰዷቸው። እኛ የ"ለ" ክፍሎች ስለ ንብ ማነብ ከሰሌዳ እንገለብጥ ነበር። የእኛዋ መምህርት ልጆቹ ሲሄዱ በመስኮት እያዩ፣ "እኔንስ ማን ወስዶኝ ያውቃል?" አሉ። ለማን እንደተናገሩ አልገባኝም።

የባለሱቅ ልጅ ነኝና ሱቅ ስጠብቅ ከቦንጋ ከተማ ወጥቼ አላውቅም። የዚያን ዕለት ማታ የ"ሀ" ክፍሏ ጎረቤታችን አስቴር ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ እጇ ኮረሪማ እየሸተተ መጣች። ረጅም ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ማየቷን ነገረችኝ።

"ለምንድነው ያን ያህል ከፍ አድርገው የሚሰቅሉት?" አልኳት።

"ንብ አርቢውን እኛ ራሳችን ነው የጠየቅናቸው። መምህራችን መልሱን ለማንም አትንገሩ፣ ሌሎቹም ራሳቸው ሄደው ይጠይቁ ብለዋል። አንቺ ምን ይመስልሻል?" ብላ ሳቀች። ጸጉሯን ልነጫት ምንም አልቀረኝም።

ዛሬ ልጄን ያንኑ የቀፎውን ጥያቄ ጠየቅኳት። ጭቃ የጠጣ ጫማዋን እያወለቀች ቀና ብላ አየችኝ።

"አንቺ ምን ይመስልሻል፣ እማዬ?"

"እኔን ማን ወስዶኝ ያውቃል?" አልኳት። ድምፄ የያኔዋን መምህርቴን ድምፅ ይመስል ነበር።