በአብሽ ውሃ የተዋጠ ኪኒን

እናቴን ልገድላት ነበር፤ ያውም በአብሽ። ዛሬም ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ የምትኖረው ደብረ ታቦር፣ እኔ ዘንድ ነው። ሐኪም ያዘዘላትን ኪኒን ትውጣለች። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ፤ የማላውቀውንም ቢሆን ካላብራራሁ አይሆንልኝም። አንድ ሰውዬ ስልኬ ላይ አብሽ የስኳርን በሽታ ድራሹን ያጠፋዋል ሲል ሰማሁና ከገበያ ገዛሁ፣ አስፈጨሁ፣ ማታ ማታ መዘፍዘፍ ጀመርኩ። ጠዋት ኪኒኗን የምትውጠው በዚያ ውሃ ሆነ።

ሁዳዴ ሲገባ ጭንቅ ያዛት። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ውሃ አትቀምስም። የንስሐ አባቷ ግን መድኃኒት ብቻ ፈቀዱላት። «አብሹም እኮ መድኃኒት ነው» አልኳት። አመነችኝ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ላብ በላብ ሆና ደጃፉ ላይ ተዝለፍልፋ አገኘኋት። ብጠራት አታውቀኝም። ጎረቤቶች «ጦሙ ነው የጣላት» አሉ፤ እኔም እንደዚያው መሰለኝ። በባጃጅ አፋፍሰን ሐኪም ቤት አደረስናት። ነርሷ የእናቴን ጣት ወግታ ደሟን ስትለካ ፊቷ ተለዋወጠ። ስኳሯ ወርዶ እንዳልነበረ ሆኗል። ግሉኮስ በደም ሥሯ ሲገባላት ዓይኗን ገለጠች።

ሐኪሙ «ከኪኒኑ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ኧረ ምንም የለም» አልኩ ፈጥኜ።

«አብሹስ ልጀ?» አለች እናቴ በደከመ ድምፅ። «እሱ መድኃኒት አይደለም እንዴ?»

ክው አልኩ። ለጾሙ ሲሆን መድኃኒት ነው ብዬ የተከራከርኩለትን አብሽ፣ ለሐኪሙ ሲሆን ከመድኃኒት አልቆጠርኩትም ነበር።

«ኪኒኑ ስኳር ያወርዳል» አለ ሐኪሙ። «አብሹም ያወርዳል። ሁለቱ በባዶ ሆድ ሲደራረቡ ሰው ሊሞት ይችላል።»

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚሉት ለካ እኔን ኖሯል።

«ለመሆኑ ይህን ያዘዘልዎት ማን ነው?» አላት፤ መናደዱ ያስታውቃል።

እናቴ ወደ እኔ ዞር አላለችም። «ጎረቤት ናት» አለች።

ሰው ሲታማ «በጦም አፌ አታናግሩኝ» የምትል ሴት፣ በጾም አፏ ዋሸችልኝ። «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።